«ሁኔታው በቁጥጥር ስር ነው»፦ መሥሪያ ቤቶች በችግር ጊዜ የሕዝብን አመኔታ እንዴት ያጣሉ?

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ፣ አዳማ ውስጥ በምንኖርበት ግቢ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የነቃው የብርጭቆ መደርደሪያው ነበር። ስኒዎቹ ተንጫጩ፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለው አምፖል ማንም ሳይነካው ወዲህና ወዲያ ተወዛወዘ፤ የቆርቆሮው በርም ሰው ያንኳኳው ይመስል ድምፅ አሰማ። ደቂቃ ሳይሞላ የግቢው ሰው በሙሉ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን እንደደረበ ደጅ ወጥቶ ቆመ። ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ፣ ከአዳማ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሲነዝር የከረመው መሬት በዚያ ሌሊት 5.8 ገደማ በተለካ መጠን ተንቀጥቅጦ ነበር።

ከጎናችን ያሉት ጎረቤታችን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት፣ የመንቀጥቀጡን መጠን አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ «ልጄ፣ እንግባ ወይስ እዚሁ እንደር? መንግሥት ምን አለ?» ብለው ነው። በዚያ ሰዓት ስልኬ ላይ ያገኘሁት አንድ ከየት እንደተነሣ የማይታወቅ የቴሌግራም መልእክት ነበር፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ከዚህ የባሰ እንደሚመጣ፣ ሰዓቱን ቆርጦ ይናገራል። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል ባለሙያም ሆነ መሣሪያ በዓለም ላይ ስለሌለ መልእክቱ ሐሰት መሆኑን አውቄያለሁ። ለእትዬም ነገርኳቸው። እሳቸው ግን እስኪነጋ አልገቡም፤ የቴሌግራሙ መልእክት ሐሰት ቢሆንም ለጠየቁት ጥያቄ መልስ የሰጠው እሱ ብቻ ነበርና።

በችግር ጊዜ አመኔታ የሚጠፋበት ዋናው ቀዳዳ ይህ ይመስለኛል። ሰው የሚፈልገውና መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው አይገናኙም። ሰው «ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መሥሪያ ቤቱ «አትደናገጥ» ብሎ ይመልሳል። አደጋው በራሱ አመኔታን አያጠፋም። ጎርፍ ስለመጣ ወይም ወረርሽኝ ስለተነሣ ብቻ ሕዝብ በመሥሪያ ቤቶቹ ላይ ፊቱን አያዞርም፤ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሌላው ጊዜ በበለጠ ወደ እነሱ ያያል፣ ራዲዮ ይከፍታል፣ የተባለውን ለመፈጸም ይዘጋጃል። ያ የመጀመሪያ ዝግጁነት እንዴት እንደሚባክን ነው መረዳት ያለብን።

ኃላፊዎች ከእውነት ይልቅ ማረጋጋትን የሚመርጡት ብዙውን ጊዜ በክፋት አይደለም። ሕዝቡ እውነቱን ቢያውቅ ይሸበራል፣ እርስ በርሱ ይረጋገጣል፣ ገበያው ይመሳቀላል ብለው ስለሚፈሩ ነው። በአደጋ ጊዜ የሰውን ባሕርይ ለአሥርት ዓመታት ያጠኑ የማኅበረሰብ ተመራማሪዎች ያገኙት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እውነተኛ የጅምላ ሽብር ያልተለመደ ነገር ሲሆን፣ በብዛት የሚታየው ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያወጣ፣ ያለው ለሌለው ሲያካፍል ነው። በእኛ ግቢም በዚያ ሌሊት የሆነው እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሽማግሌዎቹን ደግፎ አወጣ፣ ሌላው የሲሊንደሩን ጋዝ ዘጋ፣ ሌላው ምንጣፍ አነጠፈ። የተሸበረ ሰው አላየሁም። ግራ የገባው ሰው ግን ብዙ ነበር።

ከማወቅ በላይ ማረጋጋት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ከሁሉ በላይ ያሳየችው የጣሊያኗ ላኩዊላ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ ከተማዋ ለወራት በትንንሽ ንዝረቶች ስትናጥ ቆየች። ሰዉ ተጨነቀ፤ የጣሊያን የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤትም መጋቢት 31 ቀን ባለሙያዎችን ሰብስቦ አወያየ። ከስብሰባው አስቀድሞ የመሥሪያ ቤቱ ምክትል ኃላፊ ለቴሌቪዥን በሰጡት ቃል፣ ትንንሾቹ ንዝረቶች የመሬቱን ጉልበት እያስተነፈሱ ስለሆነ አደጋ እንደሌለ ሳይንቲስቶች ይነግሩኛል አሉ፤ ጋዜጠኛው እንግዲያውስ ወይን ጠጅ እንጠጣ ሲላቸውም ተስማሙ። ይህ አባባል በሳይንስ ትክክል አልነበረም። ትንሽ ንዝረት ለትልቁ ዋስትና አይሆንም።

በዚያ አገር ለዘመናት የቆየ ልማድ ነበር፤ መሬት ሲነዝር ቤተሰብ ብርድ ልብሱን ይዞ ወደ አደባባይ ይወጣል፣ ወይም መኪና ውስጥ ያድራል። ሚያዝያ 6 ቀን ለሊቱ ከመጋመሱ በፊትና በኋላ ሁለት ንዝረቶች ተሰሙ። ቀደም ባሉት ጊዜያት ቢሆን ኖሮ ይወጡ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች፣ ባለሙያዎቹ አደጋ የለም ብለዋልና፣ ተመልሰው ተኙ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ላይ 6.3 የተለካው መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ 309 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎች ሳይንቲስቶች መንቀጥቀጡን ስላልተነበዩ ተከሰሱ ብለው ያስታውሱታል፤ የሟች ቤተሰቦች ቅሬታ ግን ያ አልነበረም። መተንበይ እንደማይቻል ያውቃሉ። ያሳዘናቸው የአባቶቻቸውን ጥንቃቄ በማይታወቅ ነገር ላይ በተሰጠ ማረጋገጫ መተዋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በሰባት ሰዎች ላይ የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደ፤ በ2014 በይግባኝ ስድስቱ ሳይንቲስቶች ነፃ ወጡ፣ የምክትል ኃላፊው ቅጣት ግን ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ ብሎ ጸና። ፍርዱ ትክክል ነበር አልነበረም ብለው የሕግ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ፍርዱ አይደለም። በላኩዊላ ከዚያ ወዲህ አንድ ኃላፊ ቆሞ «ወደ ቤታችሁ ግቡ» ቢል የሚሰማው ማን ነው? እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል።

ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። በአገራችን የችግር ጊዜ መግለጫ ሲጻፍ ተደጋግመው የሚመጡ ሐረጎች አሉ፤ «ሁኔታው በቁጥጥር ስር ነው»፣ «አስፈላጊው ሁሉ እየተደረገ ነው»፣ «የሚመለከተው አካል ርብርብ እያደረገ ይገኛል»፣ «ኅብረተሰቡ ሳይደናገጥ»። እነዚህን ሐረጎች አንድ በአንድ ብንመረምራቸው ማን፣ ምን፣ መቼ የሚለውን በሙሉ እንደሚሰውሩ እናያለን። «እየተደረገ ነው» የሚለው ግስ አድራጊ የለውም። «የሚመለከተው አካል» ስም የለውም፣ ስልክ የለውም፣ ቢዘገይ የሚጠየቅ ሰው የለውም። «በቁጥጥር ስር» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ሊመዘን ይችላል። ሰው በመስኮቱ ወጥቶ ያየዋል። ውሃው አሁንም እየገባ ከሆነ፣ ታማሚው አሁንም ወደ ጤና ጣቢያው በቃሬዛ እየመጣ ከሆነ፣ ያ ሐረግ በዚያች ቀን የሰማውን ሰው ሁሉ ከመሥሪያ ቤቱ ያርቀዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ነገሩ በእርግጥ በቁጥጥር ስር ሲውልም የሚናገርበት ቃል አይኖረውም፤ ቃሉን አስቀድሞ ጨርሶታል።

ስም መቀየርም ከዚሁ ጎራ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሁላችንም የኖርንበት ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባና በሌሎች አካባቢዎች ወረርሽኝ ሲነሣ የሰማነው ስም «አተት» ነበር፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው። ስሙ በራሱ ውሸት አይደለም። በጤና ሙያ ምርመራ ሳይደረግ በፊት የሕመሙን ምልክት የሚገልጽ ተገቢ መጠሪያ ነው። ችግሩ ስሙ ከምርመራ በኋላም አለመቀየሩ ነው። ለዓመታት «ኮሌራ» የሚለው ቃል በይፋ እንዲነገር አልተፈለገም ነበር፤ ለዚህም በሰፊው ሲሰጥ የነበረው ምክንያት ቱሪዝምና የውጭ ንግድ እንዳይጎዱ የሚለው ስጋት ነው። በየቤቱ ያለች እናት ግን ከአያቷ ጀምሮ ስለ ኮሌራ ሰምታለች። ሩዝ የታጠበበት ውሃ የሚመስለውን ተቅማጥ ባየች ጊዜ ምን እንደሆነ ራሷ ታውቀዋለች። እሷ የምታውቀውን ነገር መሥሪያ ቤቱ በስሙ ሳይጠራው ሲቀር፣ የምትደርስበት ድምዳሜ ሁለት ነው፤ ወይ አያውቁም፣ ወይ ይደብቁኛል። ሁለቱም «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለውን እውነተኛና ሕይወት አዳኝ ምክር ያደክሙታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህ መሻሻሉን መመስከር ተገቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የጀመረው ወረርሽኝ ከመጀመሪያው በስሙ፣ ኮሌራ ተብሎ ነው የተነገረው።

መደበቅ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ የወሎ ረኃብ ያስተምራል። በ1965 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በወሎ የነበረውን እልቂት ከሕዝብና ከውጭው ዓለም ሰወረ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 አንድ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ምስሉን ለዓለም አሳየ። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት ያ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ። ይህን ያስተላለፈው ደርግ ራሱ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977 መስከረም፣ ሰሜኑ በረኃብ እያለቀ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት አከበረ፤ በቀጣዩ ወር ደግሞ የቆረም ምስል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ዓለምን አዳረሰ። ያንኑ ስሕተት የከሰሰው አካል ደገመው። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ሥርዓት ወይም የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ክፉ ዜና ወደ ላይ ሲወጣ በየደረጃው እየቀለለ የሚሄድበት አሠራር ነው። የቀበሌው ሰው የወረዳውን ፊት ፈርቶ ቁጥሩን ይቀንሳል፣ የወረዳው የዞኑን፣ የዞኑ የክልሉን። ላይኛው ኃላፊ መግለጫ ሲሰጥ ሆን ብሎ ላይዋሽ ይችላል፤ የደረሰው ራሱ የተቀነሰ ነው።

የበለጸጉት አገሮችም ከዚህ አልዳኑም። በብሪታንያ የላሞች የአንጎል በሽታ በተነሣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1990 የእርሻ ሚኒስትሩ የበሬ ሥጋ ችግር እንደሌለበት ለማሳየት የአራት ዓመት ልጃቸውን በካሜራ ፊት በርገር ሊያበሉ ሞከሩ። በመጋቢት 1996 መንግሥት በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ አስታወቀ። በ2000 ይፋ የሆነው አጣሪ ጉባኤ፣ ሕዝቡ እንደተካደ የተሰማው ለዓመታት በተካሄደው የማረጋጋት ዘመቻ ምክንያት መሆኑን ገለጸ። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ የአሜሪካ የጤና ኃላፊዎች በየካቲት 2020 መጨረሻ ለሕዝቡ ጭምብል አትግዙ፣ አይጠቅማችሁም አሉ፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ልበሱ አሉ። ምክር መቀየሩ ነውር አይደለም፤ ዕውቀት ሲጨምር መቀየር አለበት። የጎዳው እውነተኛው ምክንያት በሌላ መሸፈኑ ነው። ጭምብሉ ለሐኪሞች እንዳያልቅ ነበር የተፈለገው። «ጥቂት ስላለ ለሐኪሞቻችን እንተውላቸው» ቢባል አብዛኛው ሰው የሚገባው ነገር ነበር፤ «አይጠቅምም» ሲባል ግን በኋላ «ይጠቅማል» የሚለውን የሚያምን ሰው ቀነሰ።

አመኔታ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ዓይን ሊያየው በማይችለው ነገር ላይ ነው። በአዳማና በወንጂ አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ከጥርሱ ጀምሮ ያውቀዋል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ለዓይን የሚያምር ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለው ፍሎራይድ ጥርስን ያበልዛል፣ ሲበዛም አጥንት ያጎብጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህን ማንም እናት በብርጭቆዋ ውስጥ አይታ አትለየውም። የለካው ሰው የሚነግራትን ከማመን ውጪ አማራጭ የላትም።

በአሜሪካ ፍሊንት በምትባል ከተማ የሆነው ለዚህ ነው የሚያስቆጨው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ወጪ ለመቀነስ የከተማዋ ውሃ ከወንዙ እንዲመጣ ተደረገ፤ ቧንቧውን ከመበላት የሚከላከለው ማከሚያ ግን አልተጨመረበትም። ነዋሪዎች የደፈረሰና የሚሸት ውሃ በጠርሙስ ይዘው ስብሰባ እየመጡ አሳዩ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የመኪና ፋብሪካው ጄኔራል ሞተርስ ውሃው የሞተር ዕቃ እየበላብኝ ነው ብሎ አቆመ፤ ለብረት ያልሆነው ውሃ ለሕፃናት እንዲቀርብ ቀጠለ። በ2015 ሐምሌ የክፍለ ግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ ቃል አቀባይ የተጨነቀ ሰው ዘና ሊል ይችላል አሉ። መስከረም ላይ አንዲት የሕፃናት ሐኪም ከተበሉት ቧንቧዎች ወደ ውሃው የገባው እርሳስ፣ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት፣ በልጆች ደም ውስጥ መጠኑ ማሻቀቡን አሳዩ፤ መጀመሪያ የደረሰባቸው ማስተባበል ነበር፣ ከሳምንታት በኋላ ግን ከተማዋ ወደ ቀድሞው ውሃ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክፍል ነው ልብ የሚነካው። ዓመታት አልፈው ቧንቧዎች ተቀይረው፣ ምርመራው ከወሰን በታች መሆኑን ካሳየ በኋላም ብዙ ቤተሰብ የታሸገ ውሃ መግዛቱን አልተወም። ኬሚካሉን በወራት ማስተካከል ተቻለ፤ «ዘና በሉ» የሚለውን ቃል ከጆሮ ማውጣት ግን አልተቻለም።

በኮንጎ ደግሞ ነገሩ ደም እስከማፍሰስ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ኢቦላ በሰሜን ኪቩ ሲሰራጭ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ መንግሥት በቤኒና በቡቴምቦ ምርጫው በኢቦላ ምክንያት እንዲተላለፍ ወሰነ፤ ገበያውና ቤተ ክርስቲያኑ ግን ክፍት ነበሩ። ሰዉ ገበያ መሰብሰብ የማይከለክል በሽታ ድምፅ መስጠትን ብቻ እንዴት ይከለክላል ብሎ ጠየቀ። በማግስቱ ቤኒ ውስጥ የኢቦላ ማዕከል ተጠቃ። አስቀድሞ በዚያ አካባቢ በተደረገ ጥናት ከአራት ሰው አንዱ ኢቦላ እውነት አይደለም ብሎ ያምን ነበር። እነዚህን ሰዎች አላዋቂ ማለት ይቀላል። እኔ ግን ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፣ መልስ ስላላገኘ ወደ ጥፋት ሄደ እላለሁ።

እንግዲህ በአዳማ በዚያ ሌሊት ሊነገር ይችል የነበረው ምን ነበር? እኔ ብጽፈው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ በአንድ ሰዓት፣ በራዲዮም በቴሌግራምም እንዲህ ብዬ ባወጣሁት፦ «ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ከ52 ላይ 5.8 ገደማ የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሷል። ተከታይ ንዝረቶች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ከዚህ ያነሱ ይሆናሉ፣ ሆኖም የሚበልጥ አይመጣም ብለን ልናረጋግጥላችሁ አንችልም። ሰዓት ቆርጦ የሚነግራችሁን ሰው አትመኑት፤ ያን ማወቅ የሚችል የለም። ግድግዳው አዲስ ስንጥቅ ያወጣ ቤት ውስጥ አትደሩ። ስንጥቅ የሌለበት ቤት የምትገቡ ከመደርደሪያና ከመስታወት ርቃችሁ ተኙ። ደጅ የምታድሩ ከአጥርና ከመብራት ምሰሶ ራቁ። የተጎዱ ቤቶችን ገና አላየንም፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ መሐንዲሶች በየቀበሌው ይዞራሉ። ቀጣዩን መግለጫ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ እንሰጣለን፤ አዲስ ነገር ከሌለም የለም ብለን እንነግራችኋለን።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሰውን የሚያረጋጋ ቃል አንድም የለም፤ የሚይዘው ነገር ግን ይሰጠዋል። «አናውቅም» የሚለውም በሚታወቀው መሐል ስለተቀመጠ ኃላፊውን አያሳንሰውም። ከባዱ ክፍል የመጨረሻው ነው፤ 2 ሰዓት ሲሆን በእርግጥ መናገር፣ መሐንዲስ ይመጣል ከተባለም መላክ።

ይህን ረቂቅ ለእትዬ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ስንጥቁ ምን ያህል ሲሆን ነው አትግቡ የሚባለው?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ማድ ቤታቸው አስገቡኝ። ከምድጃው በላይ፣ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ወደ ጣሪያው የሚሄድ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያለው ስንጥቅ አለ። በታኅሣሥ ጫፉ የደረሰበትን ቦታ በከሰል ምልክት አድርገውበታል፤ ከዚያ ወዲህ ስንጥቁ ምልክቱን አንድ ጣት ያህል አልፎታል።